«የሰማህ ላልሰማህ አሰማ»፤ ያጣራስ?

«ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ ላልሰማህ አሰማ!» ድሮ ነጋሪት እየተጎሰመ አዋጅ የሚነገረው እንዲህ ተብሎ ነበር። ልብ ብላችሁ ከሆነ «የሰማህ አጣራ» የሚል የለበትም። እኛም በዚሁ አድገን ስልክ ተሰጠን። ፎርዋርድ ማድረግን ማንም አላስተማረንም፤ ከነጋሪቱ የወረስነው ነው።

የፈተና ሰሞን ቴሌግራም የከፈተ ያውቀዋል። «የ12ኛ ክፍል ሒሳብ ከነመልሱ፣ ከፍላችሁ ግቡ።» ከእኛ የአንዱ የአክስት ልጅ ከፍሎ ገባ። ያመነው ቻናሉ ያለፈውን ዓመት ፈተና ከመሰጠቱ ከሳምንት በፊት ለጥፎት በማየቱ ነው። ቀኑ እኮ ተጽፏል! ዘዴው የሕፃን ጨዋታ ነው፦ ቀደም ብሎ አንድ የማይረባ ፎቶ ይለጠፋል፤ ፈተናው ካለቀ በኋላ ኤዲት ተደርጎ በፈተናው ወረቀት ይተካል፤ ቀኑ ግን የድሮው ሆኖ ይቀራል። ከጎኑ ኤዲት መደረጉን የምትናገር ሚጢጢ ቃል አለች። ይህችን ቃል ማሳየት ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ልጁ 12 ዓመት ሲማር ማንም አላሳየውም። የገዛው ወረቀት ከፈተናው ጋር በአንድ ጥያቄ እንኳን አልተገናኘም።

መንግሥትስ? በ2008 ዓ.ም. የእንግሊዝኛ ፈተና የእውነት ሾልኮ ፌስቡክ ላይ ወጣ፤ ፈተናውም ተሰረዘ። መፍትሔው መዝጋት ሆነ። በዚያው ዓመት ማኅበራዊ ሚዲያው፣ በ2009 እና በ2011 ኢንተርኔቱ ራሱ። ቀጥሎ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 መጣና ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ሐሰተኛ መረጃ ያሰራጨ እስከ 3 ዓመት ይታሰር አለ። መቆለፍና ማሰር እንችልበታለን። ማስተማር ላይ ስንደርስ «መምህሩ አልሠለጠነም፣ ኮምፒውተር የለም» ይመጣል።

ኮምፒውተር ማን ጠየቀ? ጠመኔና በወረቀት የታተመ አንድ የቴሌግራም ልጥፍ፣ ከዜግነት ትምህርት ላይ አንድ ክፍለ ጊዜ። ይኸው ነው።

እኛ የምንጠረጥረው ሌላ ነው። «ማን አለ? በምን አወቀ? ማን ይጠቀማል?» ማለት የለመደ ተማሪ ቴሌግራም ላይ አይቆምም። የማታ ሁለት ሰዓቱን ዜናም ይጠይቃል። የምንወደውን አክቲቪስትም፣ እኛንም። (ከእኛ ጀምሩ፣ አንቀየምም።) አንድ ቀን ደግሞ እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ ምንጩ ምንድነው?» ይላል። ያኔ የክፍል አለቃው ስሙን የት እንደሚጽፈው ታውቃላችሁ፤ ከረባሾቹ ተርታ።