ከሳምቡሳው በፊት ዘይቱን እንመዝን



ረመዷን ሲገባ በየተከራየናቸው ቤቶች ተሰብስበን ኢፍጣር ስናዘጋጅ ከተምርና ከሾርባ ቀጥሎ የማይቀረው ሳምቡሳ ነው። ስለ ጤናቸው የሚያስቡ እህት ወንድሞቻችን «አንድ ሳምቡሳ ስንት ካሎሪ አለው?» ብለው ስልካቸው ላይ ይፈልጋሉ። የሚያገኙት ቁጥር ግን የሌላ ሰው ሳምቡሳ ነው። ትልቀቱም፣ የሊጡ ውፍረትም፣ የጠጣው ዘይትም ከእኛው ጋር አንድ አይደለም። እኛ የምንለው፣ ግምቱ ከራሳችን መጥበሻ ይነሳ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ዘይቱን ከመጣዳችን በፊት ከነመጥበሻው እንመዝናለን፤ ጠብሰን ጨርሰን ሲቀዘቅዝ ደግመን እንመዝናለን። 20 ሳምቡሳ ጠብሰን ሚዛኑ በ160 ግራም ቢቀንስ፣ እያንዳንዱ 8 ግራም ዘይት ወስዷል ማለት ነው። አንድ ግራም ዘይት 9 ካሎሪ ስላለው፣ ከዘይቱ ብቻ 72 ካሎሪ ይመጣል። ለሃያው የገባው ዱቄትና ጥሬ ምስር በድምሩ 600 ግራም ከሆነ ደግሞ፣ ሁለቱም በ100 ግራም 350 ካሎሪ ገደማ ስላላቸው፣ ለአንዱ 105 ይደርሰዋል። ድምሩ 177 ነው። ሦስት ስንበላ ከ500 አለፍን። ሶፍት ላይ የቀረው ዘይት ስለማይበላ እውነተኛው ቁጥር ጥቂት ያንሳል፤ ለግምት ግን ይበቃል።

«በተከበረው ወር ካሎሪ መቁጠር ምን አመጣው?» የሚሉን አሉ። ኢስራፍን የምንጠላ ከሆነ ግን ልኩን ማወቅ ይኖርብናል። ከመካከላችን ሐኪም ቅባት ቀንሱ ያላቸው አሉ። እነሱን «ትንሽ ብቻ ቅመሱ» ከማለት ቁጥሩን መንገር ይሻላል፤ ስንት እንደሚበሉ ራሳቸው ይወስናሉ።

ዘይትም ርካሽ አይደለም። ዘይቱ በደንብ ሳይግል የገባ ሳምቡሳ ብዙ ይጠጣል። ከወጣም በኋላ እየቀዘቀዘ ሲሄድ ላዩ ላይ ያለውን ዘይት ወደ ውስጥ ይስባል። ስለዚህ ዘይቱ ሲግል እንጨምር፤ እንዳወጣነውም ቶሎ እናጠንፍፈው። የምንቆጥበው ካሎሪውንም ብሩንም ነው።

የማብሰል ተራ የደረሳችሁ እህት ወንድሞች፣ በመጪው ኢፍጣር ሚዛን ይዛችሁ ሞክሩት። ያገኛችሁትን ቁጥር ኩሽናው ግድግዳ ላይ ለጥፉልን፤ ቀጣዩ ተረኛ ከዚያ ይነሳል።