ከቀዶ ሕክምናው በኋላ

ከልክ ያለፈ ውፍረት የስኳር በሽታንና የደም ግፊትን አስከትሎባቸው ሕይወታቸው የተጨነቀባቸው ወገኖቻችን፣ አንዳንዶቹ በአዲስ አበባ፣ አንዳንዶቹም ባሕር ተሻግረው፣ የጨጓራ ማሳነሻ ቀዶ ሕክምና አድርገው ሲመለሱ ማየት በዘመናችን እየተለመደ ሄዷል። ስለ ነገሩ ሲወራ ግን የሐኪሙ ጥበብና የወጪው ብዛት እንጂ፣ ሕሙሙ ወደ ቤቱ ከተመለሰ በኋላ የሚጠብቀው ረጅም ዘመንና በዚያ ዘመን የቤተ ሰቡ ድርሻ ምን እንደ ሆነ ሲነሣ እምብዛም አይሰማም። እኔ ግን ሐኪሙ የጀመረውን ፈውስ የሚፈጽመው አብሮ የሚኖር ሰው ነው ብዬ አምናለሁ።

ከሕክምናው ዓይነቶች እጅግ በተለመደው፣ ከጨጓራው ከአምስት እጅ አራቱ ያህል ተቆርጦ ይወጣል። ስለዚህም ሕሙሙ አስቀድሞ ፈሳሽ፣ ቀጥሎ የላመ፣ ከሳምንታት በኋላም ጠጣር ምግብ፣ ጥቂት በጥቂት እያላመጠ፣ ውሃውን ከምግቡ ለይቶ እየጠጣ፣ ሐኪሙ ያዘዘለትን ቫይታሚንና ማዕድን ዕድሜ ልኩን እየወሰደ፣ ደሙንም በየጊዜው እያስመረመረ መኖር ግድ ይሆንበታል። ይህን ሥርዓት የተወ ሰው ለደም ማነስና ለአጥንት መሳሳት ይጋለጣል፤ የቀነሰውም ክብደት ሊመለስበት ይችላል።

እንግዲህ ይህ ሰው የሚመለሰው ወዴት ነው? የእኛ የባሕር ዳሩ ዓባይ ማዶም ሆነ መላው የጣና ዳርቻ ፍቅሩን በማዕድ የሚገልጽ ሕዝብ አገር ነው። በክርስትናው፣ በሠርጉና በተዝካሩ «በሞቴ» እየተባለ ጉርሻ ሲዘረጋለት እምቢ ያለ እንግዳ እንደ ኮራ ይቈጠራል። ለጤነኛው የፍቅር ምልክት የሆነው ያ ጉርሻ ግን ለዚህ ሕሙም ትውከትና ሥቃይ ሊሆንበት ይችላል፤ አረቄውም ከቀድሞው ይልቅ ፈጥኖ ያሰክረዋል። ስለዚህ «ይበቃኛል» ያለውን ሰው በቃሉ ማመን ራሱ ታላቅ ረድኤት ነው።

የጾሙም ነገር እንዲሁ ጥንቃቄ ይሻል። ሰውነቱ ፕሮቲን አብዝቶ በሚፈልግበት ወራት 55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናት ቢደርሱበት፣ ከሐኪሙና ከንስሐ አባቱ ጋር መምከር ይገባዋል። ፍትሐ ነገሥትም ጾምን ሲያዝዝ የሕሙማንን ድካም አልዘነጋምና፣ ሕሙሙን በሐሜት ማሸማቀቅ ከፍቅርም ከሥርዓትም የራቀ ነው። የሚጾም ቢሆን እንኳ ምስሩ፣ ሽምብራውና ባቄላው በማዕዱ እንዳይጐድል ማሰብ የቤት ሰው ተግባር ነው።

ሌላው ፈተና የሰው አንደበት ነው። መወፈር «ተመችቶሃል» በሚያሰኝበት አገር፣ በጥቂት ወራት የከሳና ጠጕሩም የሳሳ ሰው «ምን ነካው?» የሚል ሹክሹክታ ይከተለዋል። ይህን የሚሰማ ልብ ይሰበራል፤ የተሰበረ ልብም ቀጠሮውን ይተዋል።

በሌላው ዓለም ሕሙማን ተሰብስበው የሚመካከሩበት ጉባኤ የሕክምናው አንድ ክፍል ተደርጎ ተይዟል። በባሕር ዳርም ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ጊዮን ሆስፒታሎች፣ ሕክምናውን በየትም ቦታ ያደረገ ሰው በአቅራቢያው የሚከታተልበትን ቀጠሮ፣ የሥነ ምግብ ምክርና ወርኀዊ ጉባኤ ቢያዘጋጁ፣ በጉባኤውም ባልና ሚስት፣ እናትና ልጅ አብረው ቢገኙ ብዙ ሕሙማን በጸና መንገድ ይመራሉ። መረዳዳት ለእኛ እንግዳ ትምህርት አይደለም፤ ዕድርን ያቆመ ሕዝብ የሞተውን ለመቅበር የሚተጋውን ያህል የዳነውን ለማኖርም ሊተጋ ይገባዋል።