ለአንዱ የተጻፈ፣ ለአርባ የደረሰ

አርባ አባላት ያሉት ማኅበር ነው እንበል። ሰብሳቢው «የወር መዋጮ ያልከፈላችሁ እስከ ዓርብ ገቢ አድርጉ» የሚል ኢሜይል ለሁሉም ይልካሉ። አንዷ አባል ማታ ቁጭ ብላ «ጋሼ፣ ባለቤቴ ሥራ ካቆመ ሁለት ወሩ ነው፤ እባክዎ ትንሽ ይታገሡኝ» ስትል ትመልሳለች። የነካችው «ሪፕላይ» የሚለውን ነው፤ «ሪፕላይ ኦል»ን አይደለም። መልሷ ግን አርባዎቹም ዘንድ ገባ። የእድር ጥሩምባ ነፊ በየደጁ ቢለፍፈው ከዚህ አይብስም።

ጥፋቱ የሴትዮዋ አይደለም። ኢሜይል ሲላክ «ሪፕላይ ቱ» የሚባል መስመር ሊኖረው ይችላል፤ ካለ፣ መልሱ የሚሄደው እዚያ ወደተጻፈው አድራሻ ነው። የማኅበሩን ኢሜይል የሚያስተዳድረው ሰው ሰርቨሩ በዚህ መስመር ላይ የቡድኑን አድራሻ እንዲጽፍ አዝዞታል።

ሐሳቡ እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣው የኢሜይል ደንብ፣ አርኤፍሲ 822፣ ለቡድን ውይይት ይጠቅም ይሆናል ብሎ ራሱ ጠቁሞት ነበር። በ2001 የተካው አርኤፍሲ 2822 ግን ያንን ምክር ትቶ፣ መስመሩ መልስ ወዴት እንዲላክ ጸሐፊው የሚጠቁምበት ነው ይላል። ለቡድኑ አድራሻ ደግሞ ከ1998 ጀምሮ «ሊስት ፖስት» የተባለ የራሱ መስመር አለ። የሰው ቦታ የሚያስቀማ ምክንያት የለም ማለት ነው።

በሌላ ወገን ያሉት የሚሉት አላቸው፤ መልስ በየግል ሳጥኑ ከቀረ ውይይቱ ይቆራረጣል፣ አንድ ጥያቄ አሥር ጊዜ ይጠየቃል። አንድ ሥራ ላይ ለተቀመጡ አምስት ሰዎች እውነት ነው፣ ያድርጉት። ስሕተቱ ሲመዘን ግን ሚዛኑ እኩል አይደለም። ለሁሉም የታሰበ መልስ ለአንድ ሰው ብቻ ቢደርስ፣ መልሶ መላክ የደቂቃ ሥራ ነው። ለአንድ ሰው የታሰበው ለሁሉም ከደረሰ ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

ብዛት ሲጨመርበት ምን እንደሚመስል ማይክሮሶፍት በ1997 አይቶታል። «ቤድላም ዲኤል 3» በሚባል የውስጥ ዝርዝር ላይ ስሙን ያገኘ ሠራተኛ «አውጡኝ» ብሎ ለሁሉም ጻፈ። ሌላው «እኔንም» አለ፤ ሌላው ደግሞ «ለሁሉም መመለስ አቁሙ» ብሎ ለሁሉም መለሰ። በዝርዝሩ 13 ሺህ ያህል ሰው ነበር፤ በአንድ ሰዓት ገደማ 15 ሚሊዮን መልእክት ተራብቶ ሰርቨሮቹን አንበረከከ። እነዚያ እንኳ ለሁሉም መላካቸውን እያወቁ ነው።

ከ2014 ወዲህ ነገሩ ሌላ መልክም ይዟል። በዚያ ዓመት ሚያዝያ ያሁ የሐሰት ላኪዎችን ለመከላከል ደንቡን ሲያጠብቅ፣ ብዙ ቡድኖች በላኪው አድራሻ ፈንታ የራሳቸውን ለመጻፍ ተገደዱ። የጸሐፊው እውነተኛ አድራሻ ብዙውን ጊዜ የሚተርፈው «ሪፕላይ ቱ» ላይ ነው። እሱም በቡድኑ ከተተካ፣ ያቺ አባል ለጋሼ ብቻ ልጻፍ ብትል ስልክ ደውላ አድራሻቸውን መጠየቅ ሊኖርባት ነው።