የበልግ ዝናብና የተበተነ ቤተ ዘመድ

ሊቃውንት በባሕረ ሐሳብ ዓመቱን በአራት ሲከፍሉ ከመጋቢት 26 ቀን እስከ ሰኔ 25 ቀን ያለውን ወራት ጸደይ ይሉታል፤ ገበሬው ደግሞ በልግ ይለዋል። ይህ ወራት በሐረርና በዙሪያዋ ለሚኖር ሕዝብ የተስፋም የሥጋትም ወራት ነው። ዝናቡ በልኩ ሲዘንም ማሽላው ይበቅላል፥ ከብቱም ሣር ያገኛል። ልኩን ሲያልፍ ግን ቤት ያፈርሳል፥ ሰውም ይወስዳል፤ ሲቀርም ረኃብን ያመጣል። ከሰማይ የሚመጣውን መለወጥ ለሰው አይቻለውም፤ የሚመጣውን አስቀድሞ ማወቅና ለወገን መንገር ግን በሰው እጅ ያለ ሥራ ነው።

ሐረር ከጥንት ጀምሮ የነጋዴ ከተማ ስለ ሆነች የሰዎቿ ቤተ ዘመድ በአንድ ስፍራ የተሰበሰበ አይደለም። አባት በጁገል ግንብ ውስጥ ሲኖር፥ ወንድሙ በደንገጎ አጠገብ ያርሳል፤ ልጁ በድሬዳዋ ይነግዳል፤ እኅቱ ጎዴ ተድራ ትኖራለች፤ የልጅ ልጁም በካናዳ አገር በቶሮንቶ ከተማ ሠርቶ ያድራል። በአንድ ሌሊት የወረደው ዝናብ ለእነዚህ ሁሉ አንድ አይደለም። ለአባትየው የጣሪያ ነገር ነው፤ የጁገል የጥንቱ ቤት ግድግዳው ድንጋይና ጭቃ፥ ጣሪያውም በእንጨት ላይ ዐፈር የተደለደለበት ጠፍጣፋ ስለ ሆነ፥ ከበልግ በፊት ካልተጠገነ ውሃ ያስገባል። ለሚያርሰው የዘር ነገር ነው። በቆላ ለሚኖሩት ግን የሕይወት ነገር ነው።

ምክንያቱም የምድሩ አቀማመጥ ነው። ሐረር ከባሕር ወለል ከ1,800 ሜትር በላይ ስትሆን ድሬዳዋ በ1,200 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ከደንገጎ ተራሮች በስተ ሰሜን የዘነመው ውሃ በደቻቱ በኩል ወደ ድሬዳዋ ይወርዳል፤ ከሐረር ወገን የዘነመው በኤረር በኩል ወደ ዋቢ ሸበሌ ይሄዳል። ደቻቱ በበጋ ደረቅ አሸዋ ስለ ሆነ የማያውቀው ሰው ወንዝ ነው አይለውም። በሐምሌ ወር 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ግን በደጋው የዘነመው ዝናብ ከተማው ተኝቶ ሳለ በሌሊት ደርሶ ከ200 የሚበልጡ ሰዎችን ገደለ። ያ በክረምት የሆነ ነው፤ ነገር ግን በሚያዝያ ወር 2012 ዓ.ም. በዚያው ከተማ በበልግ የወረደው ጎርፍ ደግሞ ሰው ገድሏል። በታችኛው ሸበሌም አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሳይሠምሩ ከብቱ ካለቀ በኋላ፥ በ2015 ዓ.ም. በልግ ወንዙ ሞልቶ የተረፈውን ሰው ከቤቱ አፈናቀለ።

አባቶች ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ብለዋል። ነገሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን በጎርፍ ጊዜ ጎረቤት አብሮ ተኝቷል፤ ደመናውን አይቶ የነቃው በደጋ ያለው ሩቅ ዘመድ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የአገራችን የመጀመሪያው ረጅም የቴሌፎን መስመር የተዘረጋው ከሐረር እስከ አዲስ አበባ ነበር። ዛሬ ቴሌፎን በእያንዳንዱ ሰው ኪስ ሳለ፥ ዘመድ ለዘመዱ የሚደውለው መርዶ ለመንገርና ለማስተዛዘን ብቻ ሊሆን አይገባም። በቶሮንቶ ያለውም ገንዘቡን ጣሪያው ከወደቀ በኋላ ከሚልክ፥ ከመጋቢት በፊት ቢልክ ጥቂቱ ብዙ ሥራ ይሠራለታል።

ይህም ለዘመድ ብቻ የሚተው አይደለም። የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት የበልጉን ትንበያ ወራቱ ሳይገባ ያወጣል፤ ነገር ግን ወረቀቱ ከሹሙ ጠረጴዛ ካላለፈ ለገበሬው እንዳልተጻፈ ይቆጠራል። ስለዚህ የወረዳና የቀበሌ ሹማምንት ትንበያውን ሕዝቡ በሚሰማው ቋንቋ፥ ይኸውም በአማርኛ፥ በኦሮምኛ፥ በሐረሪና በሶማልኛ ያስነግሩ። የደጋው ሹም በሌሊት ለቆላው ሹም የሚደውልበት ቍጥር አስቀድሞ ይታወቅ። ካህናት ከቅዳሴ በኋላ፥ ሼሆችም ከስግደት በኋላ ለሕዝቡ ያሰሙ። ለሠርግና ለኀዘን የሚሰበሰበው የሐረሪዎች አፎቻ፥ እንደዚሁም እድሩ፥ የአረጋውያንና የመበለቶችን ጣሪያ ዝናብ ሳይጥል ቢጠግን ለቀብር የሚያወጣው ይቀንስለታል። በወንዝ መውረጃ ላይ ቤት መሥራትን መከልከልና ለድኻው ሌላ ስፍራ መስጠት ግን የመንግሥት ፈንታ ነው፤ መሸሻ የሌለውን ሰው ሽሽ ማለት ብቻውን አያድነውምና።

ኖኅ መርከቡን የሠራው ዝናቡ ሳይጀምር ነው፤ የዳነውም ከነቤተ ሰቡ ነው። ሹሙም ካህኑም የቤተ ዘመዱም ታላቅ ይህን አስበው፥ ደመናው ሳይጠቍር እያንዳንዱ የድርሻውን ይፈጽም።