ሀሁን መውረድ ፊደል ማወቅ አይደለም



ባለፈው ቅዳሜ የሦስት ዓመት ተኩል የእህቴን ልጅ ይዤ ከማዘጋጃ ቤቱ ቁልቁል በቸርችል ጎዳና እየወረድን ነበር። ማሻአላህ፣ ልጅቷ ሀሁን ከዳር እስከ ዳር በቃሏ ትወርደዋለች። እንግዳ በመጣ ቁጥር «እስቲ በይው» እንላታለን፤ ታንበለብለዋለች፤ እናጨበጭባለን። መንገድ ላይ «ሆቴል» የሚል ታፔላ አየሁና የመጀመሪያዋን ፊደል በጣቴ እያሳየሁ «ይቺ ማናት?» አልኳት። ዝም። «የሀ ቤት ልጅ ናት» ብዬ አገዝኳት። እሷም ከሥሩ ጀመረች፦ «ሀ፣ ሁ፣ ሂ፣ ሃ፣ ሄ፣ ህ፣ ሆ፣ ለ፣ ሉ፣ ሊ...»። ሆ ላይ አልቆመችም። አልፋት ሄደች።

ያኔ ገባኝ። ልጃችን የምታውቀው ዜማውን እንጂ ፊደሉን አይደለም። ጥፋቱ የእሷ አይደለም፤ ያጨበጨብነው እኛ ነን።

የአንድ ቤት ጉዳይ ብቻ ቢሆን ባልጻፍኩት። በ2002 ዓ.ም. በአገራችን በስድስት ቋንቋዎች በተደረገ የንባብ ምዘና፣ ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ ከቀረበላቸው ምንባብ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ልብ በሉ፣ እነዚህ ትምህርት ቤት የገቡ ልጆች ናቸው። «ስትገባ ይማሯታል» ብሎ መተው የት እንደሚያደርስ ይህ ይበቃናል።

«እኛስ በቃል ወርደን አይደል ያደግነው?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው። ግን የጥንቶቹ መምህራን በቃል ብቻ አላቆሙም። ከሀሁ ቀጥሎ አቡጊዳ ነበረ፤ ቅደም ተከተሉ የተለወጠ ገበታ ማለት ነው። በዜማ ብቻ የያዘ ተማሪ እዚያ ላይ ይታወቅበታል። በቁርኣን ቤትም ልጁ ሉሑን ይዞ እያንዳንዱን ፊደል እየጠቆመ ነው የሚቀራው። ዓይን፣ እጅና ምላስ አብረው ይሠሩ ነበር። እኛ ምላሱን ብቻ አስቀረን።

ታዲያ ቤት ውስጥ ምን እናድርግ? ገንዘብ አይጠይቅም።

1. ከስሟ ጀምሩ። ሰሚራ ከሆነች «ሰ» የእሷ ናት። ለአንድ ሳምንት እሷን ብቻ በር ላይ፣ ደብተር ላይ፣ የዱቄት ከረጢት ላይ ትፈልጋት። 33ቱን ቤት በሰባት ብታባዙ 231 ነው፤ ይህን ሁሉ በአንዴ ሕፃን ላይ አትጫኑ።

2. እጇን አሠሩ። እናት ዳቦ ስታቦካ ትንሽ ሊጥ ስጧትና «በ»ን ትሥራ። ትሪ ላይ ዱቄት በትናችሁ በጣቷ ትጻፍ። እርሳስ መያዝ ገና ቢከብዳትም ጣቷ ይችላል።

3. ቆርኪ ሰብስቡ። በየቆርኪው ላይ አንድ አንድ ፊደል ጽፋችሁ ደባልቁ፤ «መን አምጪልኝ» በሏት። ይህ የቤታችሁ አቡጊዳ ነው።

4. መንገዱን አንብቡ። «ቸርችል» ውስጥ ቸ እና ች የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። «ጎዳና» ውስጥ ዳ እና ና ሁለቱም «አ» እያሉ ያልቃሉ። ፖስታ ቤቱ እስክትደርሱ ድረስ ስንት ታፔላ አለ!

አሥር ደቂቃ ይበቃል። ሲሰለቻት አቁሙ። ቁጣና ቁንጥጫ ፊደልን ያስጠላል እንጂ አያስተምርም።

«አሊፍ ባ ታ ከሀሁ ጋር አይምታታባትም?» የሚሉ ወላጆች አሉ። አንዱ ከቀኝ፣ ሌላው ከግራ ይጀምራል፤ ሰዓታቸውን ለዩላት፣ ትለየዋለች። የወሎ ዑለሞች እነ ሸኽ ጦልሃ ጃዕፈር አማርኛን በዐረብኛ ፊደል፣ በዐጀሚ ይጽፉ እንደነበር አትርሱ። ሁለቱ ፊደላት በአንድ ሰው እጅ ተስማምተው ኖረዋል። እኔን የሚያሳስበኝ ይልቅ ኤቢሲዲን አስቀድመን ሀሁን «ትደርስበታለች» ማለታችን ነው። የእንግሊዝኛው ፊደል ስሙና ድምፁ ይለያያል፤ የእኛ «በ» ስሟም «በ»፣ ድምፇም «በ» ናት። ቀላሉን ትተን ከከባዱ መጀመር ምን ይባላል?

ስልኩስ? የፊደል ቪዲዮ አለ፣ አውቃለሁ። ግን የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ላሉ ልጆች በቀን ከአንድ ሰዓት በላይ ስክሪን አይመክርም፤ ከሁለት ዓመት በታች ላሉት ደግሞ ጭራሽ። ደግሞም ቪዲዮው «ሆ» ላይ ሳትቆም ስታልፍ አያያትም። የሚያያት አጠገቧ የተቀመጠ ሰው ነው።

ያ ሰው ደግሞ አንተ ነህ ወንድሜ፣ አንቺ ነሽ እህቴ። አባትና እናት ከሥራ ደክመው ይገባሉ። እኛ ግን ማታ ማታ ሶፋ ላይ ተጋድመን ስልክ የምንነካካበት አሥር ደቂቃ አናጣም።

ትናንት ቆርኪዎቹን ዘረገፍኩላት። «ሆ የታለች?» አልኳት። ሦስቱን ገለባብጣ አራተኛውን አነሳች። ሀሁን አልወረደችም። አልሐምዱሊላህ፣ ያን ጊዜ ነው ማጨብጨብ።

አላህ ልጆቻችንን በዕውቀት ያሳድግልን። ኣሚን።