መስኮቱን የሚመርጠው ሌላ፣ ሒሳቡን የሚከፍለው ሌላ

ከሲልቨር ስፕሪንግ ብዙም ሳይርቅ፣ በግሪንቤልት ሜሪላንድ፣ ብሔራዊ የመስኮትና የበር መመዘኛ ምክር ቤት የተባለ ለትርፍ ያልቆመ ተቋም ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1989 የተመሠረተው ይህ ተቋም በአሜሪካ በሚሸጡ በርካታ አዳዲስ መስኮቶች ላይ የሚለጠፈውን የመለኪያ ወረቀት የሚቆጣጠር ነው። በዚሁ አካባቢ በኪራይ የሚኖረው ወገናችን ግን ይህን ወረቀት የማየት ዕድል የለውም። ተከራይ መስኮት አይገዛም፤ ወረቀቱም መስኮቱ በተገጠመ ማግስት ተልጦ ይጣላል።

ወረቀቱ የሚመዝነው ነገር በዓይን አይታይም። ተራ መስታወት የክፍሉን ሙቀት ይቀበልና መልሶ ወደ ውጭ ይረጨዋል፤ ይህ ሙቀትን በጨረር መልክ የመርጨት ባሕርዩ 84 በመቶ ያህል ነው። በላዩ ላይ ውፍረቱ ከአሥር ናኖ ሜትር ብዙም የማይበልጥ የብር ሽፋን ሲያርፍበት ግን ይኸው መጠን ከ5 በመቶ በታች ሊወርድ ይችላል። የሰው ጠጉር ከዚህ ሽፋን በብዙ ሺህ እጥፍ ይወፍራል። አሠራሩም የሚደነቅ ነው፤ አየሩ በተመጠጠ ክፍል ውስጥ የብር አተሞች ከብረቱ ላይ እየተፈናቀሉ በመስታወቱ ላይ ይነጠፋሉ፤ ብሩ እንዳይበላሽና እንደ መስተዋት እንዳያንጸባርቅ ከሥሩም ከላዩም የብረት ኦክሳይድ ይደረብለታል። በዚህ መንገድ የፀሐይ ብርሃን ያልፋል፤ ሙቀት የሚሸከመው ታህተ ቀይ ጨረር ግን ወደመጣበት ይመለሳል። እ.ኤ.አ. ከ1973ቱ የነዳጅ ቀውስ በኋላ፣ የአሜሪካ መንግሥት በካሊፎርኒያ ለሚገኘው የበርክሌይ ቤተ ሙከራ በሰጠው ድጋፍ ጭምር ቴክኖሎጂው ወደ ገበያ ወጣ። (ይህ ሽፋን የስልክ ሞገድንም በከፊል ይመልሳል፤ በአዲስ ሕንፃ ውስጥ ስልክ የሚደክመው አንዳንዴ ከዚህ የተነሣ ነው።)

እንግዲህ ዕውቀቱ ከአርባ ዓመት በላይ ሆኖታል። በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ከተሠሩ የኪራይ ሕንፃዎች መካከል ግን መስታወታቸው ዛሬም ያልተለወጠ አሉ። የአሜሪካ የኃይል ሚኒስቴር እንደሚለው ለመኖሪያ ቤት ማሞቂያና ማቀዝቀዣ ከሚውለው ኃይል ከ25 እስከ 30 በመቶ የሚሆነው በመስኮት በኩል በሚገባና በሚወጣ ሙቀት ሳቢያ የሚጠፋ ነው። የመብራት ሒሳቡን ተከራዩ በሚከፍልበት ቤት፣ ባለቤቱ መስኮት ለመለወጥ የሚያስገድደው ምን አለ? በእኔ እምነት የችግሩ ሥር ቴክኖሎጂው አይደለም፤ መራጩና ከፋዩ መለያየታቸው ነው።

የሞንትጎመሪ አውራጃ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2022 ያጸደቀው የሕንፃዎች የኃይል አጠቃቀም ሕግ ይህን ልዩነት በጥቂቱ ያጠብባል። ሕጉ 25,000 ስኩዌር ጫማና ከዚያ በላይ ስፋት ያላቸውን ሕንፃዎች፣ የመኖሪያ አፓርታማዎችን ጨምሮ፣ የሚመለከት ሲሆን የሚለካውም ሕንፃው በጠቅላላ የሚፈጀው ኃይል ነው። ስለዚህ የተከራዩ ፍጆታ የባለቤቱም ጭንቀት ሆኗል። በሲልቨር ስፕሪንግ ያሉ የተከራዮች ማኅበራት ለዕድሳት በሚደረግ ውይይት ላይ የመስኮቱን ጉዳይ በጽሑፍ ሊያነሡ ይገባል። ሕጉ ፖቶማክን አይሻገርምና በአሌክሳንድሪያ የሚኖሩት ከባለቤቶቹ ጋር የሚነጋገሩት ያለዚህ ድጋፍ ነው።

ቤትዎ ሽፋኑ እንዳለው ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግዎትም። ማታ የስልክዎን መብራት ወደ መስኮቱ ያስጠጉ። ሁለት ነጸብራቅ ብቻ ከታየ መስታወቱ ነጠላ ነው፤ አራት ከታየና ከአራቱ አንዱ ቀለሙ ከተለየ ሽፋን አለው ማለት ነው።

አዲስ አበባ ላይ አፓርታማ ለሚገዙ ወይም ሕንፃ ለሚያሠሩ ደግሞ ስሌቱ ይለያል። በመለኪያው ወረቀት ላይ ሁለት ዋና ቁጥሮች አሉ፤ አንዱ መስኮቱ ምን ያህል ሙቀት እንደሚያባክን፣ ሌላው ምን ያህል የፀሐይ ሙቀት እንደሚያስገባ ይናገራል። ጥር በሚበርድበት፣ ሐምሌም በሚያነድበት በዋሽንግተን አካባቢ ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ባለችው አዲስ አበባ ግን ብርዱ መለስተኛ፣ ፀሐይዋ ብርቱ ናትና ይበልጥ የሚያሳስበው ሁለተኛው ነው። ገዢዎች ግን ብዙ ጊዜ የሚጠይቁት ሰማያዊ ነው ወይስ አረንጓዴ እያሉ ስለ ቀለሙ ነው። ለሜሪላንድ ብርድ የተሠራ ውድ መስኮት በኮንቴይነር ጭኖ ከመላክ በፊት፣ በምዕራብ በኩል ያለው መስታወት እንዲጠብ፣ ጥላ እንዲበጅለትና መስኮቱ የሚከፈት እንዲሆን መሐንዲሱን መጠየቅ እጅግ ይረክሳል።