አንጋፋው አጥቂ ወንበር ላይ ይቀመጣል ወይ?

ክረምት ሲገባ መተማ ቆላ ላይ ሁለት ወሬ አብሮ ይሞቃል። አንዱ የሰሊጥ አረም ነው፣ ሌላው የዝውውር ነገር። መተማ ዮሐንስ ከጎንደር ወደ 200 ኪሎ ሜትር ቢርቅም «ዐፄዎቹ ማንን አስፈረሙ? ማንን ለቀቁ?» የሚለው ክርክር እዚያም ሆነ ገንዳ ውሃ ከጎንደር ፒያሳ ባልተናነሰ ይጦፋል። ከክርክሮቹ መሃል በየዓመቱ የማይቀር አንድ አለ። ስሙ የገነነ፣ ለብሔራዊ ቡድን የተጫወተ፣ ዕድሜው ወደ 35 የተጠጋ አጥቂ ኮንትራቱን ጨርሶ ነጻ ሲሆን ፋሲል ከነማ ለተጠባባቂነት ያስፈርመው ወይስ ይተወው? «ለተቀያሪነት ማን ይጠላዋል!» ይላል አንዱ። «ክለብ ነው እንጂ ጡረታ ቤት አይደለም» ይላል ሌላው።

ሁለቱም የሚከራከሩት በዕድሜው ላይ ነው። ዋናው ጥያቄ ግን ሌላ ነው፤ ሰውየው ወንበር ላይ መቀመጥ ይችላል ወይ? ከቻለ ይፈርም። ካልቻለ በነጻም ቢመጣ ውድ ነው።

ተጠባባቂ አጥቂ ዛሬ እንደ ድሮው የቡድን ጌጥ አይደለም። ሊጉ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በተመረጡ ከተሞች ሲካሄድ ጨዋታ በጨዋታ ላይ እንደሚደራረብ ደጋፊው በዲኤስቲቪ አይቶታል። በዚያ ላይ ቅያሪው ከሦስት ወደ አምስት ከፍ ብሏል። አንድ አጥቂ ብቻ ይዞ የሚጓዝ አሰልጣኝ ያ ልጅ ቋንጃውን የያዘ ቀን ጉዱ ይፈላል። ስለዚህ 20 ደቂቃ ገብቶ ኳስ የሚይዝ፣ ተከላካይ የሚፈራው፣ ቅጣት ምት የሚያገኝ ሰው ያስፈልጋል። ለዚህ ደግሞ ልምድ ከሩጫ ይበልጣል።

ምስክር ከተፈለገ ሮጀር ሚላ አለ። እ.ኤ.አ. በ1990 የጣሊያን ዓለም ዋንጫ የ38 ዓመት ሰው ነበር። ሬዩንየን ደሴት ላይ ሲጫወት ከቆየበት ተጠርቶ ነው የመጣው። አራት ጎል አገባ፤ አራቱንም ተቀይሮ ገብቶ! አንድም ጨዋታ አልጀመረም፣ አላኮረፈምም። በተቃራኒው ክርስቲያኖ ሮናልዶን ማየት ነው። በ2021 ወደ ማንቸስተር ዩናይትድ በ36 ዓመቱ ተመልሶ በመጀመሪያው ዓመት በሊጉ 18 ጎል አስቆጠረ። እግሩ አልከዳውም ማለት ነው። በሁለተኛው ዓመት ወንበር ሲመጣ ግን ከቶተንሃም ጋር በተደረገው ጨዋታ ተቀይሮ አልገባም ብሎ ጨዋታው ሳያልቅ ወጣ፤ ኅዳር ላይ ከክለቡ ተለያየ። ዩናይትድን ያመሰው የሮናልዶ ዕድሜ አልነበረም።

የመተማ ሰው ሩቅ መሄድ እንኳን አያስፈልገውም። ድንበሩን ተሻግሮ ጋላባት ላይ ሂላልና መሪክ የየቀን ወሬ ናቸው። የሂላሉ አምበል ሃይታም ሙስጠፋ በ2012 መጨረሻ፣ በ35 ዓመቱ፣ ከአሰልጣኙ ጋር ሳይስማማ ቀርቶ ክለቡን ሲለቅ የፈረመው ለማን ነው? ለመሪክ! አንድ ትልቅ ተጫዋች ቦታውን በግልጽ ሳይነገረው ሲቀር የሚመጣው ጣጣ ይሄ ነው፤ ደጋፊው ጭምር ለሁለት ይከፈላል። በቅርጫት ኳስም ያው ነው። አሎንዞ ሞርኒንግ ኩላሊት ከተቀየረለት በኋላ ማያሚ ላይ የሻኪል ኦኒል ተጠባባቂ ሆኖ በ2006 ዋንጫ አነሳ። ሻኪል ራሱ በ38 ዓመቱ ቦስተን ሲገባ ደግሞ ጉዳት እያስቀመጠው በመደበኛው ውድድር 37 ጨዋታ ብቻ ተጫውቶ በዚያው ጫማውን ሰቀለ።

እዚህ ላይ ነው የገንዘቡ ነገር የሚመጣው። አብዛኞቹ የከተማ ክለቦች የሚኖሩት ከመንግሥት በሚመደብ በጀት ነው። በ2011 ዓ.ም. ክረምት የወር ደመወዝ ጣሪያ 50 ሺህ ብር ይሁን የተባለውም ወጪው ከአቅም በላይ ስለሄደ ነበር። አንጋፋ ተጫዋች ደግሞ የሚደራደረው ባለፈ ስሙ ነው። ለስም የሁለት ዓመት ኮንትራት መስጠት ኪሳራ ነው። የመተማ ገበሬ ሰሊጡ እንዳይረግፍ ተጣድፎ አጫጅ ሲቀጥር እንኳ አምና ስንት አጨድክ ብሎ አይከፍልም፤ የሚከፍለው ዘንድሮ ለታጨደው ነው። ኮንትራቱ የአንድ ዓመት ይሁን፤ ከክፍያው ከፊሉም በተሰለፈበት ጨዋታ ይታሰብ።

ከብሩ የሚብሰው ግን የወንበሩ ነገር ነው። ፋሲል በ2013 ዓ.ም. ዋንጫውን ባነሳበት ዓመት የሊጉን የጎል ሪከርድ በ29 ጎል የሰበረው አቡበከር ናስር ነበር። ቡና ያሰለፈው የ21 ዓመት ልጅ! ቡና ያን ጊዜ ስመ ጥር ሰው ፍለጋ ወጥቶ እሱን ወንበር ላይ ቢያስቀምጠው ኖሮስ? ገንዳ ውሃ ውስጥ ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ጠብቆ በአቧራ የሚጫወት ልጅ በአቅራቢያው ያለው ትልቅ ክለብ ጎንደር ነው። መንገዱ በሰላም ሲከፈት እንኳ ለሙከራ መድረስ ቀላል አይደለም። ደርሶ ደግሞ ሦስተኛው የአጥቂ ቦታ በጡረተኛ ተይዞ ካገኘው ምን ይሁን? አንጋፋው ሊመጣ የሚገባው በሁለተኛ አጥቂ ቦታ ነው፤ ሦስተኛው ለታዳጊ ይተው። ታዳጊውን ልምምድ ላይ ቢያሠራው ደግሞ ደመወዙን ግማሽ መለሰ ማለት ነው።

ይህን ሁሉ የሚወስነውም አሰልጣኙ ይሁን። ብዙ ጊዜ ቦርዱ ፎቶ ተነስቶ፣ ማሊያ አስይዞ ካስፈረመ በኋላ ነው አሰልጣኙ የሚሰማው። ከፊርማው በፊት አሰልጣኙና ተጫዋቹ ብቻቸውን ይቀመጡና አንድ ጥያቄ ይጠየቅ፤ «ሦስት ጨዋታ በተከታታይ ሳትገባ ብትቀር፣ አራተኛው ላይ 80ኛው ደቂቃ ስጠራህ ትነሳለህ?» ሰውየው ለመመለስ ከዘገየ እስክሪብቶው ወደ ኪስ ይመለስ።